ስክሪን ሪደር የአማርኛውን ሞጁል በላቲን ፊደል ያነበዋል፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። ለርቀት ተማሪዎች ሙድል (የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ) ላይ የምንጭነው የጂኦግራፊ ሞጁል አለ፤ በወርድ ተጽፎ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረ ነው። ሁለት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በኤንቪዲኤ (ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ስክሪን ሪደር) ሲከፍቱት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይነበብላቸዋል። የአማርኛ ድረ ገጾችን ግን ደህና ያነብላቸዋል። አንዲት መስማት የተሳናት ተማሪም አለች፤ ቪዲዮዎቹ የግርጌ ጽሑፍ የላቸውም። ከየት ልጀምር?

መልስ 1
ድረ ገጹን ካነበበ የስክሪን ሪደሩ የአማርኛ ድምፅ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ፎንቱ ላይ ነው። ሞጁሉ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ የግእዝ ፎንት ሳይጻፍ አልቀረም። እነዚህ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ የ«ሀ»ን፣ የ«ለ»ን መልክ ያሳያሉ፤ ዓይን አማርኛ ያያል፣ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን ላቲን ነው። ለማረጋገጥ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉት። አማርኛነቱን ካጣ ነገሩ ይኸው ነው።

መፍትሔው የወርድ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ማሳለፍ ነው። ፎንቱን እየለየ የሚቀይር ይምረጡ፤ ጽሑፍ እየለጠፉ የሚቀይሩበት ዓይነት በመሃል ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃላትም አብሮ ያበላሻል። ወርዱ ጠፍቶ ወረቀቱ ብቻ ካለ በ300 ዲፒአይ ጥራት ስካን አድርገው ጉግል ድራይቭ ላይ ይጫኑና በጉግል ዶክስ ይክፈቱት፤ አማርኛ ያወጣል። «ከ»ን ከ«ክ» ስለሚያምታታ ግን ሰው ሊያርመው ግድ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚረሳ ነገር አለ። ብዙ ጸሐፊ አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ኮለን በመምታት (::) ይጽፋል። ስክሪን ሪደሩ ያንን እንደ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ስለማያውቀው ትንፋሽ ሳይወስድ ይቀጥላል። በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ሁሉንም ወደ «።» ይቀይሩ።

ርዕሶቹን በማድመቅና በማተለቅ ብቻ አይተዉአቸው፤ ከስታይል ውስጥ «ሄዲንግ 1»፣ «ሄዲንግ 2» ይስጧቸው። ተማሪው ኤች ቁልፍን እየተጫነ ከምዕራፍ ምዕራፍ የሚዘለው በዚህ ብቻ ነው። ፒዲኤፍ ሲያደርጉ በፕሪንት በኩል አይሂዱ፣ መዋቅሩ ይጠፋል፤ በሴቭ አዝ ይሂዱና በኦፕሽን ውስጥ የተደራሽነት ታጉ ምልክት እንዳለበት ይዩ። ወርዱንም አብረው ይጫኑ።

መልስ 2
ስለ ቪዲዮው፦ የግርጌ ጽሑፉን በኖትፓድ ይጻፉ፤ ተራ ቁጥር፣ ቀጥሎ ሰዓት (00:01:05,200 --> 00:01:09,000)፣ ቀጥሎ ጽሑፉ፣ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር። ከሚሊሴኮንዱ በፊት ነጥብ ሳይሆን ኮማ ነው። ፋይሉን በ«ኤስአርቲ» ቅጥያ ሲያስቀምጡ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥበትን ኮድ) ዩቲኤፍ-8 ያድርጉት፤ ኤኤንኤስአይ ከሆነ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

ይህ ብቻ በቂ አይደለም። የምልክት ቋንቋ የመጀመሪያ ቋንቋው ለሆነ ተማሪ የአማርኛ ጽሑፍ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ለዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች አስተርጓሚ ይቅረጹ፤ እጅም ፊትም ይታይ፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ አንድ ቀለም ይሁን።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ኖትፓዱ ላቲን ነው ያወጣው። ካርታዎቹንና በፎቶ ያስገባናቸውን ሠንጠረዦችስ?

መልስ 1
ሠንጠረዡን እንደገና በወርድ ይሥሩት፤ የመጀመሪያውን ረድፍ ሄደር ያድርጉ፣ ሴሎችን አያዋህዱ። ለካርታው በአልት ቴክስት (ስክሪን ሪደሩ በምስሉ ፋንታ በሚያነበው ጽሑፍ) «ካርታ» ብሎ መጻፍ ለተማሪው ምንም አይነግረውም። ካርታው የሚያስተምረውን ይጻፉ፦ «የሰሜን ሸዋ ወንዞች፤ ጀማ ወደ ዓባይ፣ ከሰም ወደ አዋሽ ይፈስሳል» ይበቃል።

መልስ 3፣ መሐል ሜዳ
ፈተናውንም አይርሱት መምህር። ሙድል ላይ ምስል እየጎተቱ የሚመልሱትን ጥያቄ ዓይነ ስውር አይሠራውም፤ ወደ ምርጫ ይለውጡት። በ«ዩዘር ኦቨርራይድ» ለእነዚህ ተማሪዎች ብቻ ሰዓት መጨመር ይቻላል። ወደ መንዝና መርሐቤቴ ገጠር ላሉት ደግሞ ትምህርቱን በድምፅ ብቻም ያስቀምጡላቸው፤ በሞኖና በ64 ኪሎ ቢት ከተቀዳ ግማሽ ሰዓቱ 14 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል።