በጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ ያለ ብርስል ዎርም (ጠጉራም የባሕር ትል)፦ ልተወው ወይስ ላስወጣው?

ጥያቄ | ባለገንዳው
ሰላም ለሁላችሁ። ኮራልና ዓሣ ያለበት ባለ 200 ሊትር የጨው ውሃ ገንዳ ነው ያለኝ። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ በባትሪ ሳይ ከድንጋዩ ስንጥቅ ብዙ ትሎች ይወጣሉ። ሰውነታቸው ሮዝ ቢጤ ነው፤ በግራና በቀኝ ነጫጭ ጠጉር አላቸው፤ ትልቁ የጣት ርዝመት ይሆናል። አንድ ቀንድ አውጣ ሞቶ ሲገኝም ዛጎሉ ውስጥ ታጭቀው ነበር። ጎጂ ናቸው? ካስወጣኋቸውስ በምን?

መልስ | ጥልቅ ባሕር
የገለጽከው ተራው ብርስል ዎርም ነው፤ ተወው። ቀንድ አውጣውን የገደሉት እነሱ አይመስሉኝም፤ የሬሳ ሽታ ነው የጠራቸው። የሞቱን ምክንያት በረሃብ፣ በጨው መጠን መለዋወጥ ወይም በሸርጣን በኩል ፈልገው።

እነዚህ ትሎች ዓሣ የማይደርስበት ስንጥቅ ገብተው የተረፈ ምግብና የሞተ ነገር ይበላሉ። ያ ትራፊ እዚያው ቢበሰብስ መጀመሪያ አሞኒያ፣ ኋላም ናይትሬት ይሆንብሃል። አሸዋውንም እየቆፈሩ ያናፍሱታል።

ከበዙ ግን ችግሩ ትሉ ሳይሆን የምትሰጠው ምግብ ነው። ዓሦቹ በ2 ወይም 3 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጥ። በረዶ የሆነውን ምግብ አቅልጠህ ውሃውን በወንፊት አጥልለህ ድፋው፤ ውሃ ስትቀይርም የአሸዋውን ላይኛ ክፍል በሲፎን (ውሃ በሚስብ ቱቦ) ሳብ። ምግብ ሲያጡ ቁጥራቸው በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይወርዳል።

መልስ | የሪፍ ሰው
እስማማለሁ፤ ግን ሦስት ጎጂ ዓይነቶችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሄርሞዲስ የሚባለው እውነተኛው የእሳት ትል ነው። ወፍራም ነው፤ ከነጩ ጠጉር አጠገብ ቀያይ የስንጥብ ቁጥቋጦዎች አሉት፤ ራሱ ላይ ደግሞ የተሸበሸበ ሥጋ አለ። የኮራሉን ቅርንጫፍ ጫፍ በአፉ ዋጥ አድርጎ ሥጋውን ይልጠዋል፤ ሲለቀው የሚቀረው ነጭ አጥንት ነው። በዋናነት የካሪቢያን፣ የአትላንቲክና የሜዲትራኒያን ነዋሪ ስለሆነ በገንዳ ውስጥ ብዙም አይገጥምም።

ሁለተኛው ዩኒስ ነው፤ ራሱ ላይ 5 አንቴና አለው፣ ቆዳው ቀስተ ደመና ያብለጨልጫል፣ መንጋጋም አለው። ሦስተኛው ኦኖኔ ብርቱካናማ ነው፤ ጠጉሩ አይታይም፤ ክላምን (ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል እንስሳ) እና ቀንድ አውጣን በንፍጥ ሸፍኖ ይበላል። አንተ ያየኸው ከሦስቱ አንዱንም አይመስልም። እርግጠኛ ለመሆን ባትሪህን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍነህ እይ፤ ነጭ ብርሃን ሲያርፍባቸው ወዲያው ይሸሻሉ።

ጥያቄ | ባለገንዳው
አመሰግናለሁ። ትልልቆቹን ብቻ ለመቀነስስ? መድኃኒት ወይም የሚበላቸው ዓሣ አለ?

መልስ | ጥልቅ ባሕር
መድኃኒቱን እርሳው። በየስንጥቁ ያለው ትል በአንድ ሌሊት ሲሞት አሞኒያው ዓሦችህን ይፈጅብሃል። ባለ ስድስት መስመር ራስ (wrasse) የሚባለው ዓሣ ትናንሾቹን ትሎች ይለቅማል፤ ግን ካደገ በኋላ ሌሎቹን ዓሦች ያሳድዳል። አሮው ክራብ የሚባለው ረጅም እግር ያለው ሸርጣንም ትል ይበላል፤ ትናንሽ ዓሣም አይምርም።

ወጥመድ ይሻላል። ቁራጭ ጥሬ ሽሪምፕ በናይሎን ስቶኪንግ (ስስ የሴት ረጅም ካልሲ) ጠቅልለህ መብራት ከጠፋ በኋላ ድንጋዩ ሥር አኑረው። ትሎቹ ሊበሉ ሲጠጉ ጠጉራቸው ከመረቡ ጋር ይተሳሰራል። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ በረጅም ወረንጦ ከነጥቅሉ አንሣው። እስከ ጠዋት አትተወው፤ ሽሪምፑ ይበሰብሳል፣ ቀንድ አውጣዎችም ይሰበሰቡበታል። ከድንጋይ የተጣበቀውን ትል በግድ አትጎትት፤ ይበጠሳል፣ የተወሰኑ ዝርያዎችም ከቁራጩ እንደገና ያድጋሉ።

መልስ | የሪፍ ሰው
ድንጋይ ስታነሳ ወፍራም የጎማ ጓንት አድርግ። ጠጉሩ ቆዳ ውስጥ ከገባ አትሸው፤ ይሰበርና ጠልቆ ይቀራል። ፕላስተር ለጥፈህ በአንድ ጊዜ ምዘዘው፤ የቀረውን በኮምጣጤ ንከረው፤ ጠጉሩ ካልሲየም ካርቦኔት ስላለበት አሲዱ ለማሟሟት ይረዳል። እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት።