የሰርቨሩ መጠባበቂያ ቅጂ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው ረቂቅ

ጸሐፊው፦ በጥቅምት የደረሰብንን፣ ከዋናው የጠፋው ፋይል ከቅጂውም መጥፋቱን፣ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ረቂቁ የሚለው፣ የቡና ሚዛን ደረሰኞችና የአባላት ሒሳብ የሚገኙበት ፋይል ሲስተም (ፋይሎቹ በዲስኩ ላይ የተደራጁበት ሥርዓት) ሌሊት ሌሊት በኤልቪኤም (የሊኑክስ የዲስክ ማስተዳደሪያ) ስናፕሾት፣ ማለትም በቅጽበታዊ ምስል፣ እንዲያዝ፣ ፋይል ገልባጩ ፕሮግራም አርሲንክም ሥራ ላይ ካለው ፋይል ሲስተም በቀጥታ መገልበጡን ትቶ ከስናፕሾቱ እንዲገለብጥ፣ ቅጂውም ከጅማ ወጥቶ አጋሮ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ እንዲያርፍ ነው። ዋጋው ከመዋጮ ይሸፈናል።

የአጋሮው አባል፦ ዲስኩን እኔ ቤት አስቀምጣለሁ።

የሊሙው አባል፦ አርሲንክ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዓለም ሲጠቀምበት የኖረ ነው፤ የተለወጠውን ብቻ ስለሚልክ በደካማው መስመራችን እንኳ ሠርቶልናል። ታዲያ ለምን እንደገና እናዋጣለን?

የኮምፒውተር ባለሙያዋ፦ አርሲንክ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስለሚገለብጥ፣ ሥራው ሁለት ሰዓት ከፈጀ የቅጂው መጀመሪያና መጨረሻ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኖራቸዋል፤ በመኸር ሚዛኑ ሌሊትም ስለማይቆም ደረሰኙና ሒሳቡ ሳይገናኙ ያድራሉ። ጠዋት ጠዋት አይታችሁ የምታልፉት የስሕተት ቁጥር 24፣ ለግልበጣ የተመዘገቡ ፋይሎች ተራቸው ሳይደርስ መጥፋታቸውን የሚናገር ነው። ስናፕሾት ሁሉንም በአንድ ቅጽበት ይይዛል፤ የተመደበለት ቦታ ከሞላ ግን ከጥቅም ውጭ ስለሚሆን ግልበጣው እንዳበቃ መሰረዝ አለበት። የጥቅምቱም ጥፋት የመሣሪያው አልነበረም፤ ከዋናው የጠፋውን ከቅጂውም እንዲያጠፋ ያዘዝነው እኛው ነን። ስለዚህ የየዕለቱ ቅጂ በቀኑ ስም በተለየ ማኅደር ይቀመጥ፤ ያልተለወጠው ፋይል በሃርድ ሊንክ (ለዚያው ፋይል በሚሰጥ ተጨማሪ ስም) ስለሚያያዝ ቦታ አይደርብም።

ሒሳብ ሹሙ፦ «በቀኑ ስም» ሲባል በየትኛው ቀን ነው? የማኅደሩ ስም ናሙና 2024-11-09 ይላል፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ጥቅምት 30 ቀን 2017 ነው። ኦዲተር ሲመጣ የማስረዳው እኔ ነኝ።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ፦ ቅጂዎችን በዕድሜያቸው የሚሰርዘው ትእዛዝ ስማቸውን ስለሚያነብ፣ 2017 የሚለውን የሰባት ዓመት አሮጌ አድርጎ ይጠርገዋል። ጳጉሜንንም፣ ወር 13 ስለሆነች፣ ማሽኑ አይቀበላትም።

የሊሙው አባል፦ ማሽኑ ካልተቀበለ ማሽኑ ይስተካከል እንጂ እኛ ቀናችንን አንቀይርም። ሰዓቱስ? ረቂቁ «02:00» ይላል፤ ዘበኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት መስሎት ሰርቨሩን ሌሊት ቢያጠፋው ተጠያቂው ማን ነው?

የኮምፒውተር ባለሙያዋ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት መሆኑን ሦስት ጊዜ ጽፌአለሁ። ማንበብ የማይፈልግ ሰው ስለ ፋይል ሲስተም ባይወስን ይሻላል።

የሊሙው አባል፦ መዋጮዬን ስትቀበሉ ማንበብ መቻሌን አልጠየቃችሁም!

ሊቀመንበሩ፦ ይብቃ። ሁለታችሁም ያላችሁት ከቃለ ጉባኤ ይውጣ።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ፦ ቃሌ ከብዶ ከሆነ ይቅርታ።

የሊሙው አባል፦ እኔም እንደዚያው። ቀኑ ግን በእኛ ይሁን።

ሒሳብ ሹሙ፦ ሁለቱም ቀኖች ይጻፉ፤ ደረሰኙም ሁለቱን ይዞ እንደገና ይታተም። የኅትመቱ ወጪ ለጊዜው ከዲስኩ ገንዘብ ይወሰድ።

ሊቀመንበሩ፦ የሚቃወም ከሌለ በዚሁ ይግባ።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ፦ ዲስኩ ካልተገዛ ቅጂዎቹ እዚያው ሰርቨር ላይ ሊቀመጡ ነው፤ ሰርቨሩ ሲቃጠል አብረው ይቃጠላሉ። የአጋሮው አባል ምን ይላሉ?

ጸሐፊው፦ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ አልጻፉም። የደረሰኙን ናሙና ነገ አያይዛለሁ።