ቀጤ ማዕዘን በሌለው ጎነ ሦስት ላይ ፓይታጎረስ እንዴት ይገባል? (13፣ 14፣ 15)

ባለኮምፓስ (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ጎነ ሦስት ጎኖች 13፣ 14 እና 15 ሳ.ሜ. ናቸው፤ ስፋቱን ፈልጉ ይላል። ማዕዘንም ቁመትም አልተሰጠም። 15 ረጅሙ ስለሆነ ሃይፖተነስ አድርጌው 13 × 14 ÷ 2 = 91 አወጣሁ። ትክክለኛው መልስ ግን 84 ነው፤ የሚሠራውም በፓይታጎረስ ቲዎረም ነው ተብሏል። የቱ ጋ ነው የሚገባው?

ጥቁር ሰሌዳ
ረጅሙ ጎን ስለሆነ ብቻ ሃይፖተነስ አይባልም። ሃይፖተነስ የ90 ዲግሪ (ቀጤ) ማዕዘን ፊት ለፊት ያለው ጎን ነው፤ በፓይታጎረስ ቲዎረም ስኩዌሩ ከሁለቱ ሌሎች ጎኖች ስኩዌር ድምር ጋር እኩል ነው። በመጀመሪያ ይፈትኑት፦ 13² + 14² = 169 + 196 = 365፤ 15² ግን 225 ነው። ሁለቱ እኩል ስላልሆኑ 90 ዲግሪ የሆነ ማዕዘን የለውም፤ 91 የተሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ቲዎረሙ ያለ 90 ዲግሪ አይሠራም፤ ከሌለ ደግሞ እኛው ሥለን እናስገባዋለን።

14ቱን ጎን መሠረት ያድርጉና ከፊት ለፊቱ ካለው ጫፍ በ90 ዲግሪ ቁመት ያውርዱ። ቁመቱን ቁ፣ ከ13 ጎን ግርጌ ቁመቱ እስካረፈበት ነጥብ ያለውን ርቀት ረ እንበለው። የቀረው የመሠረቱ ክፍል 14 − ረ ይሆናል። አሁን አንዱ ጎነ ሦስት ሁለት ቀጤ ማዕዘን ያላቸው ጎነ ሦስቶች ሆኗል፦

ረ² + ቁ² = 169
(14 − ረ)² + ቁ² = 225

የላይኛውን ከታችኛው ይቀንሱ። ቁ² ይጠፋል፤ የዘዴው ጉልበት ያለው እዚህ ነው። 196 − 28ረ = 56 ይቀራል፣ ስለዚህ 28ረ = 140፣ ረ = 5። ቁ² = 169 − 25 = 144፣ ቁ = 12። ስፋት 14 × 12 ÷ 2 = 84 ካሬ ሳ.ሜ.። በሌላው ወገን ማረጋገጥ አይርሱ፦ 9² + 12² = 81 + 144 = 225።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው (14 − ረ)²ን 196 − ረ² ብሎ ሲዘረጋ ነው። ትክክሉ 196 − 28ረ + ረ² ነው። ደብተሩ ላይ ቁ² = 99 ካገኙ ስህተቱ ያለጥርጥር እሱ ነው፤ ሌላ ቦታ አይፈልጉ።

ባለኮምፓስ
በጣም አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። በዚሁ መንገድ ቀጣዩን ሠራሁት፤ ጎኖቹ 11፣ 13 እና 20 ናቸው። 11ን መሠረት አድርጌ 121 − 22ረ = 231 ደረስኩና ረ = −5 ሆነብኝ። ርቀት እንዴት ነጌቲቭ ይሆናል? የቀመር ስህተት አለው?

ሹል እርሳስ
ስህተት የለውም፤ እንዲያውም ምልክቱ አንድ ነገር እየነገረዎት ነው። ቁመቱ መሠረቱ ላይ አላረፈም፣ ከ13 ጎን ግርጌ በውጭ በኩል 5 ሳ.ሜ. ርቆ ወርዷል ማለት ነው። የ11ን መስመር በዚያ በኩል በነጥብ ነጥብ ያስረዝሙና ሥዕሉን ያስተካክሉ።

አስቀድሞ ማወቅም ይቻል ነበር። 11² + 13² = 290 ከ20² = 400 ያንሳል። የሁለቱ አጭር ጎኖች ስኩዌር ድምር ከረጅሙ ስኩዌር ሲያንስ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ይበልጣል፤ ሲበልጥ ደግሞ (እንደ 365 እና 225) ማዕዘኑ ከ90 ያንሳል። የጥንቱ ግሪካዊ የጂኦሜትሪ ሊቅ ዩክሊድ ሁለቱን ሁኔታዎች ለየብቻ ነው ያረጋገጣቸው፣ «ኤለመንትስ» በተባለው ሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ 12ኛና 13ኛ ቲዎረሞች ላይ። እኛ ነጌቲቭ ቁጥር ስላለን አንዱ ቀመር ሁለቱንም ይሸፍንልናል።

ቁ² = 169 − 25 = 144፣ ቁ = 12። ስፋት 11 × 12 ÷ 2 = 66። እዚህ ጋ የሚበላሸው የመቀነስ ምልክቱን ጥሎ «5 ነው» ብሎ መቀጠል ነው። ያኔ የቀረው 11 − 5 = 6 ይሆንና 6² + 12² = 180 ይመጣል፣ 400 መሆን ሲገባው። ትክክሉ 11 − (−5) = 16 ነው፤ 16² + 12² = 256 + 144 = 400።

ነጌቲቭ እንዳይመጣ ከፈለጉ ሁልጊዜ ረጅሙን ጎን መሠረት ያድርጉ። በረጅሙ ጎን ሁለት ጫፎች ያሉት ማዕዘኖች ከ90 ዲግሪ ስለሚያንሱ ቁመቱ ከውስጥ ያርፋል። ዋጋው ግን ቁጥሮቹ ይቆረሳሉ፦ 400 − 40ረ = −48፣ ረ = 11.2፣ ቁ² = 169 − 125.44 = 43.56፣ ቁ = 6.6። ስፋቱ ያው 20 × 6.6 ÷ 2 = 66።

ዳግም ዘር
ለማመሳከር የሄሮን ቀመር አለ። የዙሪያውን ግማሽ ይውሰዱ፤ ለመጀመሪያው 21 ነው። ከእሱ ላይ እያንዳንዱን ጎን ይቀንሱ (8፣ 7፣ 6)፣ አራቱን ቁጥሮች ያባዙና ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፦ √(21 × 8 × 7 × 6) = √7056 = 84። ለሁለተኛው √(22 × 11 × 9 × 2) = √4356 = 66። ነገር ግን ተማሪ ይህን ቀድሞ እንዲሸመድድ አልመክርም። ስፋቱን ይሰጠዋል እንጂ ቁመቱ የት እንዳረፈ አያሳየውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎኖቹ 5፣ 6፣ 7 ቢሆኑና 7ን መሠረት ብናደርግ ረ (ከ5 ጎን ግርጌ) = 19/7 ይወጣል። 2.71 ብለው አይቁረጡት። በክፍልፋይ ከቀጠሉ ቁ = 12√6/7 ሆኖ በ7 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 7ቱ ይጣፋና ስፋቱ ልክ 6√6 ይሆናል።

ጥቁር ሰሌዳ
ሁለቱ ጥያቄዎች የተመረጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሁለቱም 13 ጎን አላቸው፣ የሁለቱም ቁመት 12 ነው፣ በሁለቱም ቁመቱ ከ13 ግርጌ 5 ርቆ ወርዷል፤ አንዱ በውስጥ፣ አንዱ በውጭ። በወረቀት ቆርጠው በ13 ጎናቸው ያጋጥሟቸው፤ ሁለቱ ግርጌዎች (የ14 እና የ11 መሠረቶች የሚነሱባቸው) አንድ ላይ ይዋሉ። የ11 መስመር ቢረዝም በ14ቱ ላይ ስለሚሄድ ሁለቱ መሠረቶች አንድ ቀጥ ያለ 25 ይሆናሉ። የተፈጠረው ትልቁ ጎነ ሦስት 15፣ 20፣ 25 ነው፤ 225 + 400 = 625 ስለሆነ ቀጤ ማዕዘን አለው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ቀላል ዘዴ ይሠራል፦ 15 × 20 ÷ 2 = 150፤ 84 + 66ም 150 ነው።