ሶፋችን ከታጠበ በኋላ ቡናማ ሆነብን፣ ምን ይሻላል?

ግራ_የገባት፦
ሰላም ወገን እንዴት ናችሁ። ክሬም ከለር የጨርቅ ሶፋ አለን፣ ልጆቹ ሻይ ደፍተውበት ስለነበር ሶፋ የሚያጥብ ሰው ቤት ድረስ አስመጣን። ሰውየው በማሽን አረፋ በአረፋ አደረገው፣ ውሃው ከስር እስኪንጠባጠብ ማለት ነው፣ እርጥብ እያለ በጣም ያምር ነበር ሲደርቅ ግን ጉድ ሆነ። ሻይ ያልነካው ቦታ ሳይቀር ቢጫም ቡናማም ያልሆነ ነገር አወጣ፣ መቀመጫዎቹ ላይ ደግሞ ክብ ክብ የውሃ ምልክት ቀረ፣ ጠፍቶ የነበረው ሻይ እራሱ ተመልሶ መጣ!! ደውዬ ስነግረው "ሶፋው አርጅቶ ነው" አለኝ። እንዴ ሲታጠብ ነው እንዴ ሶፋ የሚያረጀው 😭 ሌላው ደሞ ክንድ የሚያርፍበትና ጭንቅላት የሚደገፍበት ቦታ ጠቁሮ ያብለጨልጫል እሱም ንክች አላለም። እናቴ በረኪና አቅጥነሽ ሞክሪው ትላለች፣ እህቴ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅለሽ ትላለች፣ ባሌ ድጋሚ ይታጠብ ባይ ነው። የምታውቁ ካላችሁ ባካችሁ።

ቆፍጣናው፦
በረኪናውን እርሺው። ከለሩን ይበላዋል፣ ክሩን ያሳሳዋል፣ ስፖንጁ ውስጥ ከገባ ደግሞ አጥቦ ማውጣት የለም። ከሁሉም በላይ በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ እንዳታደርጊ፣ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ቤት ዘግተሽ ከሆነ ሳንባ ያቃጥላል። የእህትሽም ቢሆን አረፋው ነው የሚያታልለው፣ አቼቶ አሲድ ነው ሶዳው ደሞ ተቃራኒው፣ ሲገናኙ ተጣፍተው የሚቀርሽ ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ነው። ለየብቻቸው ግን ሁለቱም ስራ አላቸው።

መርፌና_ክር፦
እኔ ስራዬ ሶፋ ማልበስ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ያጋጥመኛል። እህቴ ሶፋሽ አላረጀም፣ ውሃ በዝቶበት ቀስ ብሎ ስለደረቀ ነው። ጨርቁን ስንገፈው ላይ ላዩ ላይ የሳንቲም የምታክል እድፍ የነበረች ከስር ስፖንጁን ስታይው መዳፍ የሚያህል ቡናማ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ማለት የተደፋው ሻይ ጨርቁ ላይ አልቀረም ወርዷል። ከዛ ሶፋው ሲታጠብ ስር ያለው ሁሉ ይሟሟል፣ ሲደርቅ ደሞ ውሃ የሚተነው ከላይ ስለሆነ ጨርቁ እንደ ኩራዝ ክር ከስር ይስበዋል፣ ውሃው ይሄዳል እድፉ ጫፍ ላይ ይቀራል። ተመልሶ መጣ ያልሽው እሱ ነው። ሻይ ያልነካው ቦታ የቀላው ደሞ ሌላ ነገር ነው፣ ጨርቁ ጥጥ ወይ ሊነን ያለበት ከሆነ ብዙ ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ከራሱ ከክሩ ቡናማ ነገር ይወጣል፣ ሳሙናው ኃይለኛ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ከሆነ ደሞ ይብስበታል። ፖሊስተር ላይ ይሄ ብዙ አይታይም። ስለዚህ ባልሽ እንዳሉት ድጋሚ ማጠብ ማለት ድጋሚ ማቅላት ነው፣ ይቅር።

መጀመሪያ መቀመጫውን አንስተሽ ከስር ሌብል ፈልጊ። ደብልዩ (W) የሚል ፊደል ካለ በውሃ ይፀዳል፣ ኤስ (S) ብቻ ካለ ውሃ አይወድም በደረቅ ማጽጃ ኬሚካል ነው የሚሰራው፣ ሁለቱም ካሉ ሁለቱም ይሆናል፣ ኤክስ (X) ካለ ከቫኪዩም ውጪ አትንኪው። ውሃ ከፈቀደ ነጭ አቼቶ አንድ እጅ ለአራት እጅ ውሃ አድርገሽ በስፕሬይ፣ ግን ጉም ያህል ብቻ፣ ጨርቁ እርጥብ እርጥብ ይበል እንጂ ወደ ስፖንጁ አይውረድ። ማንም የማያየው ጀርባ ላይ ሞክረሽ ደርቆ ካየሽው በኋላ ነው ታዲያ። እድፉ ላይ ብቻ አትርጪ፣ ያ ክብ ምልክት የሚመጣው እርጥቡ ከደረቁ ጋ የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው፣ ስለዚህ የመቀመጫውን ፊት ከስፌት እስከ ስፌት እኩል አዳርሺው። ከዛ ነጭ ፎጣ (ከለር ያለው እራሱ ይለቃል) ጫን ጫን እያረግሽ ምጠጪ፣ እንዳትፈትጊ፣ ፍተጋ ክሩን ያፈርሰዋል። ማታ ደረቅ ነጭ ፎጣ አጥፈሽ እድፉ ላይ ጣይና ከበድ ያለ ነገር ጫኚበት፣ ከስር የሚመጣው ወደ ፎጣው ይወጣል። ለሌላው ቬንትሌተር ክፈቺበት፣ ቶሎ መድረቁ ነው ግማሹ መድኃኒት።

ዚፕ አለው ብለሽ ግን አውልቀሽ ማሽን ውስጥ እንዳትከቺው። ዚፑ ሶፋ ለምናለብሰው ለኛ ነው የተሰራው፣ ከታጠበ ጠቦ ተመልሶ አይገባልሽም፣ ከሶፋው ጋርም ከለሩ አይገጥምም።

ሁሌ_ጠያቂ፦
እኔ ጋ አቼቶ ምንም አላደረገም፣ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው የሰራው፣ ያ ለቁስል የሚሸጠው። ለምን አልነገርካትም?

መርፌና_ክር፦
@ሁሌ_ጠያቂ ልክ ነህ ሻይ ላይ ይሰራል፣ ግን ፐርኦክሳይድ ቀስ ያለ ማንጫ ነው፣ ክሬም ከለር ላይ ያምራል ጠቆር ያለ ሶፋ ላይ ግን ነጭ ነጥብ ትቶ ይሄዳል እና እሱን የሚመልስ የለም። ሱፍና ሐር ላይም አልመክረውም። ለዛ ነው መጀመሪያ ያላልኩት፣ አቼቶው ካልሰራ በጥጥ ነካ ነካ አድርጋ ትሞክረው።

ቆፍጣናው፦
ስለ ክንድ ማሳረፊያው ማንም አልመለሰላትም እኮ። እሱ የሰውነት ቅባት፣ ላብና የፀጉር ቅባት ነው፣ አቼቶም ፐርኦክሳይድም አይነካውም። ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርገሽ ምቺው፣ ከዛ ውሃውን ሳይሆን አረፋውን ብቻ በጨርቅ አንስተሽ ጥረጊው። ጨርቁ በቆሸሸ ቁጥር ገልብጪው። ሲያልቅ በንጹህ ውሃ ተነክሮ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ሳሙናውን አውጪ፣ የቀረ ሳሙና ይጣበቅና አቧራ ይስባል፣ ብዙ ሰው "ካጠብኩት በኋላ ቶሎ ይቆሽሻል" የሚለው በዚህ ነው። ዱቄት ሳሙና ደሞ ባትጠቀሚ ይሻላል፣ አወጣጡ ከባድ ነው።

መርፌና_ክር፦
እውነት ነው። አንድ ልጨምር፣ ያብለጨልጫል ያልሽው ሁሉ ቆሻሻ ላይሆን ይችላል። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ አልኮል አድርገሽ ድብቅ ቦታ ላይ ከለር እንደማይለቅ ካየሽ በኋላ እሱን ቦታ ጠረግ አድርጊው፣ ጨርቁ ከጠቆረ ቅባት ነው ይለቃል፣ ንጹህ ሆኖ ከወጣ ክሩ አልቆ ነው፣ እሱን የሚያጥብ የለም። በፀሐይ የነጣም እንደዛው።

ግራ_የገባት፦
ኧረ ተባረኩ! ሌብሉ ደብልዩም ኤስም ይላል፣ ጥጥም አለበት። አቼቶውን ከጀርባ ሞክሬ ደህና ስለሆነ አንዱን መቀመጫ ሰራሁት፣ ክቡ ጠፍቷል ቡናማውም በጣም ቀንሷል፣ ፎጣው ላይ የወጣውን ብታዩ 🙈። የሻዩ ግን ትንሽ ጥላ አለው። ክንዱ ላይ አልኮሉ ጥቁር አድርጎ ወጣ፣ ደስ ያለኝ በቆሻሻ ነው lol ማለት ይቻላል። ሽታው ግን እስከ መቼ ነው? ቤቱ ሁሉ አቼቶ አቼቶ ይላል።

መርፌና_ክር፦
ሲደርቅ ይሄዳል፣ መስኮት ክፈቺ። ደርቆም ከሸተተ አብዝተሽበታል ማለት ነው። ለሻዩ ጥላ ፐርኦክሳይዱን ሞክሪ፣ ግን አሁን ሳይሆን መቀመጫው ውስጡ ድረስ ከደረቀ በኋላ፣ እጅሽን ከስር አስገብተሽ ስፖንጁን ንኪው፣ ቀዝቀዝ ካለሽ ገና ነው።