ገጠር ላለች እናቴ በስልክ ብር ልላክላት ወይስ እንደ ድሮው በሰው?

የወሎ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው፣ እማዬ ደግሞ ከደሴ ወጣ ብሎ ገጠር ናት። እስካሁን ብር የምልክላት በዘመድ ወይም በሚያውቃት ሹፌር ነበር። አሁን ተራ ስልክ ገዝቼ የስልክ አካውንት ከፈትኩላት። ብሩ ወዲያው ይደርሳታል፣ ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማንበብ ስለማትችል መልእክቱን የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ ነው፣ የሚስጥር ቁጥሩንም የሚያስገባላት እሱ ነው። ብሩን በካሽ የሚሰጣት ወኪል ጋ ስትሄድ ደግሞ «ካሽ የለም፣ ነገ ይምጡ እማማ» ትባላለች። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ባለሱቁ፦
ወንድሜ፣ እኔም ወኪል ነኝ፣ የኛንም ልንገርህ። እናትህ ብር ስታወጣ ከስልኳ ወደኔ ስልክ ይገባል፣ እኔ ከመሳቢያዬ ካሽ እሰጣታለሁ። ገጠር የሚመጣው ሰው ደግሞ ሁሉም ሊያወጣ ነው፣ የሚያስገባ ብርቅ ነው። ጥቂት ሰው እንዳስተናገድኩ ስልኬ በብር ሞልቶ መሳቢያዬ ባዶ ይሆናል፣ ካሽ ለማምጣት ሱቄን ዘግቼ ከተማ መውረድ አለብኝ። ስለዚህ በገበያ ቀን ከሰዓት ትሂድ፣ ያኔ ሲሸጥ ስለሚውል ካሽ አይጠፋም። አንተም ቀድመህ ደውልለት። ደግሞ ሁሉንም ለምን ታወጣለች? ዘይቱንም ስኳሩንም ከዚያው ሱቅ ወስዳ በስልኳ ትክፈል።

ሮዚ፦
እኔን ያሳሰበኝ የሚስጥር ቁጥሩ ነው። ማንበብ አትችልም ማለት ቁጥር አትለይም ማለት አይደለም፣ ስልክ ትደውል የለ! ቴሌብር ከሆነ የሚደወለው *127# ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። አክስቴን ያስለመድኳት ቅደም ተከተሉን ነው፣ መጀመሪያ ይሄን፣ ቀጥሎ ያን እያልኩ። አሁን ሳታነብ በጣቷ ትሄድበታለች (ዝርዝሩ ሲቀየር ግን ግራ ይገባታል፣ እሱን አልክድም)። «በስህተት ብር ልኬብዎታል፣ መልሱልኝ» የሚሉ አጭበርባሪዎችም አሉ፣ እንዲህ ሲሏት መጀመሪያ ላንተ ትደውል።

ታዛቢው፦
ኬንያ ኤምፔሳን፣ የራሷን የስልክ ብር፣ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እኛ ጋ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፣ ኤምፔሳ በ2015 ገባ። ገና ነን። ግን ስንት ሰው አካውንት ከፈተ ሲባል ሁሌ እሰማለሁ፣ ስንቱ ወኪል ካሽ አለው የሚል ሪፖርት አጋጥሞኝ አያውቅም። ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ሰው ቁም ነገሩ ያ ነው።

የወሎ ልጅ፦
ባለሱቁ፣ የገበያውን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሮዚ፣ ቁጥሩን እንቀይር ካልን ልጁ ይቀየማል፣ ጥሩ ልጅ ነው እኮ። ምን ልበለው?

ሮዚ፦
«ስልኩ ዘግቶባት አዲስ የሚስጥር ቁጥር ወጣላት» በለው። መልእክቱን ማንበቡን ይቀጥል፣ አንተም አልፎ አልፎ ካርድ ሙላለት።