አምስቱንም ቀን ቢሮ ግቡ ተባልን፤ ምን ልበል?

ሰላም ናችሁ? እስቲ ምከሩኝ። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። ቤቴ አያት፣ ቢሮአችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው። በ2012 ኮሮና ሲገባ ሁላችንም ላፕቶፓችንን ይዘን ቤት ገባን። እኔ በዚያው ቀረሁ። አሁን አለቃችን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አምስቱንም ቀን ቢሮ ግቡ ብሎናል።

ኮድ የሚወጣልኝ ቤት ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ማንም አይነካኝም። ቢሮ ስሄድ ግን በታክሲ ሰልፉ ብቻ ገና ሳልጀምር ድክም ይለኛል። (መብራት ሲጠፋ ቢሮው ይሻላል፣ አልዋሽም።)

የከበደኝ ሌላ ነው። አዲስ የተቀጠረች ልጅ አለች። በቀደም የኮድ ለውጦቻችንን በምንመዘግብበት ጊት ላይ መርጅ ኮንፍሊክት (የሁለት ሰው የኮድ ለውጥ ሲጋጭ) ገጥሟት ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዋን ስትታገል ከረመች። የሥራ መልእክት በምንለዋወጥበት ስላክ ላይ መጠየቅ አፍራ ነው። ቢሮ ሄጄ አጠገቧ ስቀመጥ በ10 ደቂቃ ፈታነው። ቡና እየጠጣን ደግሞ ያልጠየቀቻቸውን ሌሎች ሦስት ጥያቄዎች አወጣች። ከዚያ ወዲህ አለቃዬን “ተሳስተሃል” ለማለት አፌ ተያዘ።

ሁለት ቀን ቢሮ፣ ሦስት ቀን ቤት ይሁንልን ልል አስቤያለሁ። ግን ሁሉም በየፊናው ቀን ከመረጠ ምን ዋጋ አለው? ሜክሲኮ ድረስ ሄጄ ከባልደረቦቼ ጋር በዙም ላወራ ነው?

እንዲህ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ቀኑን ማን ይወስናል? ጀማሪዎችንስ ከርቀት እንዴት ታግዛላችሁ? ስክሪን እየተጋራን አብረን ለመጻፍ ሞክረን ነበር፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አሰለቸን። ስብሰባው ሐሙስ ነው፤ ባዶ እጄን መግባት አልፈልግም።