የክፍል መምህራንን የሒሳብ ስፔሻሊስት ለማድረግ ስልጠናው ከምን ይጀምር?

አስተባባሪ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምሩ 24 መምህራን አሉን። ከመካከላቸው በየትምህርት ቤቱ የሒሳብ ስፔሻሊስት የሚሆኑ፣ ባልደረቦቻቸውንም የሚያግዙ ሰዎች ማፍራት እንፈልጋለን። በእረፍት ጊዜ 10 ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት ተፈቅዷል፤ ከዚያ በኋላ በወር አንድ ቀን ለ3 ሰዓት መገናኘት ይቻላል። የቀረበልን ረቂቅ ግማሹ አልጀብራና ካልኩለስ ነው። ከመምህራኑ ደግሞ ሒሳብ የሚፈሩት ጥቂት አይደሉም። ይዘቱን እንዴት ላከፋፍለው? ስልጠናው ወረቀት ላይ ቀርቶ ክፍል ሳይገባ እንዳይቀርስ ምን ላድርግ?

ጠመኔ
ካልኩለሱን ያውጡት። እነዚህ መምህራን የጎደላቸው ከፍ ያለ ሒሳብ አይደለም፤ በየቀኑ የሚያስተምሩትን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ መመርመር ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት 1¾ ÷ ½ ይስጧቸው። «ገልብጠህ አባዛ» ስለሚያውቁ አብዛኞቹ 3½ ያመጣሉ። ቀጥለው ለዚሁ ስሌት የሚስማማ፣ በቃላት የሚቀርብ የሒሳብ ጥያቄ እንዲጽፉ ይጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው «1¾ ሜትር ገመድ ለሁለት ሰው እኩል ቢካፈል» የሚል ነው። ያ ግን ለ2 ማካፈል ነው፣ መልሱም ⅞ ይሆናል። ትክክለኛው «1¾ ሜትር ገመድ ግማሽ ግማሽ ሜትር እየተደረገ ቢቆረጥ ስንት ቁራጭ ይወጣዋል?» ነው። ሦስት ቁራጭ ይወጣና ሩብ ሜትር ይተርፋል። እዚህ ጋ «ታዲያ መልሱ 3¼ አይደለም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ቶሎ አያርሙት፣ ይከራከሩበት። የተረፈው በሜትር ሲለካ ሩብ ነው፣ በቁራጭ ሲለካ ግን የአንድ ቁራጭ ግማሽ ነው። ሙሉ ጠዋቱን ቢወስድም አይቆጭም።

60ውን ሰዓት እኔ እንዲህ እከፍለው ነበር፦ የቦታ ዋጋና አራቱ ስሌቶች 18፣ ክፍልፋይና አስርዮሽ 20፣ የእኩል ምልክትና የአልጀብራ መነሻ 8፣ ልኬትና ጂኦሜትሪ 10፣ መረጃ አያያዝ 4። ክፍልፋይ ብዙ የወሰደው ጥምርታም መቶኛም በኋላ የሚመጣው አልጀብራም እሱ ላይ ስለሚቆሙ ነው።

ሰሌዳ
በጠመኔ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን ከይዘቱ እኩል የልጆች የሥራ ወረቀት መግባት አለበት። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ሊ ሹልማን በ1986 እ.ኤ.አ. ያነሳው ነጥብ ይኸው ነው፦ ትምህርቱን ማወቅና በጥቅሉ ማስተማር መቻል ብቻቸውን አይበቁም፣ ያንን ትምህርት ለተማሪ እንዲገባው አድርጎ የማቅረብ ራሱን የቻለ እውቀት አለ።

503 − 278 ይውሰዱ። መልሱ 225 ነው። አንዱ ልጅ 375፣ ሌላው 135 ጻፈ እንበል። ሁለቱም ኤክስ ተደርጎባቸው «መቀነስን ከልስ» ቢባሉ ለአንዳቸውም አይጠቅምም። 375 ያለው ልጅ በየቤቱ ትንሹን ከትልቁ እየቀነሰ ነው (5−2፣ 7−0፣ 8−3)። ለእሱ መጀመሪያ «ከ500 ላይ ወደ 300 ገደማ ሲነሳ ስንት ይቀራል?» የሚል ግምት ያስፈልገዋል። 135 ያለው ግን መበደር ያውቃል። ዜሮዋን ዘሎ ለአንድ ቤትም ለአስር ቤትም ከ5 ላይ ሁለት ጊዜ ተበደረ። ለእሱ መድኃኒቱ እስር መፍታት ነው።

አራት አራት ሆነው 6 ቡድን ይሁኑ። ለአንድ ቡድን 103 ቀጫጭን እንጨት ይበቃል፦ አስር አስር ሆነው ታስረው እንደገና በአንድ የታሰሩ 100፣ ነጠላ 3። የቀሩትን አራት መቶዎች «100» ተብሎ የተጻፈባቸው ካርዶች ይተኳቸዋል። መቶው ሲፈታ 10 አስሮች፣ ከእነሱ አንዱ ሲፈታ 4 መቶ፣ 9 አስርና 13 ነጠላ ይሆናል። አሁን መቀነስ ይቻላል። የሚበላሸው የት ነው? በእንጨቱ ተሠርቶ፣ እንጨቱ ተሰብስቦ፣ ጽሑፉ ለብቻው ሲመጣ ነው። ያኔ ልጁ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተማረ ማለት ነው። እያንዳንዱ መፍታት ወዲያው ይጻፍ።

8 + 4 = ☐ + 5ንም አይርሱ። 12 ወይም 17 የሚጽፍ ልጅ የእኩል ምልክቱን «መልሱን ጻፍ» ብሎ ነው የሚያነበው።

ክፍልፋይ
ስለ ፍርሃቱ፦ ማንንም ወደ ሰሌዳ አያውጡ፣ በሰዓት አያወዳድሩ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ለብቻ፣ ከዚያ ከጎን ካለው ጋር፣ ከዚያ ለሁሉም።

ለክፍልፋይ ርዝመታቸው 24 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዳቸው 3 የሆኑ 7 የወረቀት ሰቆች ለእያንዳንዱ ሰው ያዘጋጁ። አንዱ ሳይከፈል ይቀራል፤ ሌሎቹ ለ2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8 እና 12 ይከፈላሉ። 24 የተመረጠው ሁሉም በሙሉ ሳንቲ ሜትር ስለሚወጣ ነው፤ በ20 ከሠሩት ሦስተኛው አይወጣም። ለ3 ማጠፍ ስለሚያስቸግር 8 እና 16 ላይ በማስመሪያ አስቀድመው ምልክት ያድርጉ። ½ + ⅓ = ⅖ የሚለው ስህተት እዚህ በዓይን ይታያል። 12 እና 8 ሳንቲ ሜትር ሲቀጠሉ 20 ይሆናል፣ ከ24ቱ ⅚ ማለት ነው። ⅖ ግን ከግማሽም ያንሳል፤ ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያነሰ አገኘን?

አስተባባሪ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካልኩለሱ ወጥቷል። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ክፍል ውስጥ የሚደረገው ክትትልና ፈተናው። ስፔሻሊስቶቹ የመምህራንን የሥራ አፈጻጸም ነጥብም ይሙሉ የሚል ሐሳብም ቀርቧል።

አራት ማዕዘን
እባክዎ ያንን አይቀበሉ። ነጥብ የሚሰጥ ሰው ሲገባ መምህሩ የሚያሳየው የተለማመደውን ትምህርት ነው፤ የተቸገረበትን ይደብቃል። ስፔሻሊስቱ ደግሞ የሚጠቅመው የተቸገረበትን ሲያይ ነው።

አንድ ዙር እንዲህ ይሁን። ከክፍል በፊት 20 ደቂቃ፦ ሁለቱም ጥያቄውን ራሳቸው ይሥሩና ልጆች ሊሰጡ የሚችሉትን ሦስት መልስ ይገምቱ። በክፍለ ጊዜው ስፔሻሊስቱ ልጆቹ ያሉትንና የጻፉትን ቃል በቃል ይመዝግብ፤ የመምህሩን ጉድለት አይልቀም። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ 30 ደቂቃ፦ ወሬው ከደብተር ይጀምር። በአንድ ጊዜ ሁለት መምህር፣ ለ6 ሳምንት። ነፃ ክፍለ ጊዜው በጊዜ ሰሌዳ ላይ ካልተጻፈ ስፔሻሊስቱ የቀረ መምህር መተኪያ ሆኖ ይቀራል።

24ቱም ስፔሻሊስት ይሆናሉ ብለው አያስቡ። ፈጣን አስሊውን ሳይሆን የተሳሳተ መልስ ሲያይ «እንዴት እዚህ ደረሰ?» የሚለውን ይምረጡ።

ፈተናው እንዲህ ዓይነት ይሁን፦ «አንድ ልጅ 45 ከ6 ስለሚበልጥ 0.45 ከ0.6 ይበልጣል አለ። ይኸው ልጅ 0.45ን ከ0.32 ጋር ቢያወዳድር ምን ይመልሳል?» በተሳሳተ መንገድ ትክክል ይመልሳል። ቀጥሎ «ስህተቱን የሚያጋልጡ ሌሎች ሁለት ጥንዶች ጻፍ» ይበሉ። ከስልጠናው በፊትም በዓመቱ መጨረሻም በተመሳሳይ ዓይነት ይፈትኗቸው።

ጠመኔ
በወርሃዊው 3 ሰዓት አዲስ ርዕስ አይጫኑ። ሁሉም በወሩ ውስጥ ያስተማሩትን አንድ ዓይነት ጥያቄና ሦስት የልጅ ደብተር ይዘው ይምጡ፦ አንዱ የገባው፣ አንዱ ግማሽ የገባው፣ አንዱ መምህሩን ግራ ያጋባው። ብዙውን ሰዓት ለሦስተኛው ይስጡት።